የእናቴ ወለልና የዛሪማ ምስጥ

ደባርቅ ዘመድ ልጠይቅ ስወጣ፣ ጠዋት ጫማዬን ከማጥለቄ በፊት ገልብጬ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ስመታው ያየኝ ሁሉ ይስቃል። «ምን ይወጣል ብለሽ ነው?» ይሉኛል። በዚያ ውርጭ ጊንጥ እንደማይኖር አጥቼው አይደለም፤ እጄ ግን አያምንም። ዛሪማ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ጫማ አያምንም፣ ፎጣ አያምንም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ሳያራግፍ አይለብስም። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ያነቃንቀዋል። በእንግድነት በሄድኩበት ቤት እንዲህ ሳደርግ ባለቤቶቹን ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ መተው ግን አቃተኝ።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ስለ ሙቀቱ ብዙ ይነገረዋል። ለእኔም ተነግሮኛል። ሹራብሽን መንገድ ላይ ድብ ባሕር ስትደርሺ ታወልቂያለሽ፣ ዛሪማ ስትደርሺ ነጠላውም ይከብድሻል ተባልኩ፤ እውነት ነበር። ያልተነገረኝ ቤቴ የእኔ ብቻ እንደማይሆን ነው። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት አለ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት በተሰፋው ኮርኒስ ላይ አይጥ ይሮጣል፤ በአልጋው ስንጥቅ ውስጥ ትኋን፣ በእንስራው ሥር ጊንጥ፣ በስኳሩ ውስጥ ጉንዳን። ሁሉም ትንሽ ጥላና አንዲት ጠብታ ውሃ ፈልጎ ነው የሚገባው፤ ውጭው ምድር በበጋ እግር ያቃጥላል። እኔም የምፈልገው ያንኑ ስለሆነ ብዙ ልፈርድባቸው አልችልም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ጠላኋቸው፣ በሁለተኛው ተዋጋኋቸው፣ ከዚያ በኋላ ደከመኝ። አሁን የምጽፈው ስለ ሁሉም አይደለም። ስለ ምስጥ ነው፤ በምስጥ አሳብቤ እናቴ ላይ ስላደረግሁት ነገር።

በአምስተኛው ዓመቴ ከኪራይ ወጥቼ የራሴን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራሁ። እንጨቱን በሙሉ ከደባርቅ በመኪና አስጭኜ የሊማሊሞን ቁልቁለት አወረድኩት። የቆላው እንጨት ጠማማ ነው፣ ይከብዳል፣ ሚስማር እምቢ ይላል፤ እኔ ደግሞ ያደግሁት ዳባት፣ ቀጥ ባለ ባሕር ዛፍ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ቤት ማለት ለእኔ ያ ነበር። አናጢውንም ከዳባት አመጣሁት። መካከል ላይ የሚቆመው ምሰሶ ልጡ ተልጦ፣ ተፍቆ፣ ነጭ ሆኖ ከመኪናው ሲወርድ ሰፈሩ ወጥቶ አየው። ኩራት ተሰማኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጎረቤቴ ገበያው ዳር ጨርቅና ጫማ የምትሸጥ ሴት ናት። እዚያው ዛሪማ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ሰላቷን ጨርሳ ስትወጣ አጥሩ ላይ ተደግፋ የምታዋራኝ። ምሰሶውን ዞራ ዞራ አየችውና፣

«ቲቸር፣ እግሩን በእሳት ለብልቢው» አለችኝ። «መሬት የሚገባውን። ጥቁር እስኪል ድረስ። እኛ ሳንለበልብ አንተክልም።»

«እሺ» አልኳትና አልለበለብኩም። አናጢው «እንኳን ምሰሶ፣ ማገርም ለብልቤ አላውቅ» ብሎ ሳቀ። እኔም እሳቱ ወደ ላይ ልሶ ነጩን እንጨቴን እንዳያጠቁርብኝ ሰጋሁ። ነገሩ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

እናቴ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ዳባት ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ እዚያው ከተማ ቢኖርም ቤቷን ትታ እሱ ጋ መግባት አልፈለገችም። የዳባት የኅዳር ብርድ ግን ጉልበቷን ያዘው። ያን ዓመት ሁለት ወር ከአልጋ አልወረደችም። ጉልበቶቿ አብጠው፣ ልታጥፋቸው ስትሞክር ጥርሷን ነክሳ ዓይኗ እንባ ይሞላል። ያያት ሐኪም መድኃኒት ከጻፈላት በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሙቀት አገር የሚቀበላት ሰው ካለ መድኃኒቱ እሱ ነው፣ ሌላ ክረምትና ሌላ ብርድ እዚህ ካገኛት ጉልበቷ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም አለኝ። የሚቀበላት ሰው እኔ ነበርኩ። ከወንድሜ ጋር ተሸክመን መኪና ላይ አወጣናት።

በሦስተኛው ሳምንት ምርኩዟን በር ጥግ አቁማ ረሳችው። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። እሷ ግን አልተደሰተችም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሰው ቤት እንደመጣ ሰው፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ልብስ ላጥብ ስትል ተይ እላለሁ፤ ሽንኩርት ልላጥ ስትል ተይ እላለሁ። ማስታመሜ ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ «ዛሪማ እንዴት ነው እማማ፣ ተስማማዎት?» ብትላት «ለእንግዳ ምን አለበት» ብላ መለሰችላት። ሰምቼ ሆድ ባሰኝ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በሩ ላይ «እግርሽን!» የሚል ጩኸት አቆመኝ። እናቴ ተንበርክካ ነበር። ዳባት ላይ አልታጠፍ ያላት ጉልበት ከረጢት ላይ ታጥፎ። በጠዋት ወጥታ ላሞቹ ወደ ወንዙ ሲወርዱ መንገድ ላይ የጣሉትን እበት ሰብስባለች፣ በተሰበረ ሳፋ በውሃ አቅጥናለች፣ ወለሌን እየለቀለቀች ነው። ከጓዳው ጀምራ በመዳፏ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እየሠራች፣ ወደ ኋላዋ እየተሳበች በሩ ላይ ጨረሰች። ሲደርቅ ወለሉ አንድም ስንጥቅ አልነበረው፤ የመዳፏ መስመር ብቻ ተደርድሮ ይታይ ነበር። አቧራው ሞተ። ቁንጫውም ጠፋ። እኔ ስምንት ዓመት ሆነኝ እንዲያ ያለ ወለል ከረገጥኩ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አቧራ ላይ ነው የምትኖሪው?» አለችኝ እጇን እየታጠበች። ፊቷ በርቷል።

ከዚያ ወዲያ እንግድነቷ ቀረ። ቅዳሜ የእሷ ቀን ሆነ። የላሟን እበት ከበሬው ትለያለች፣ ሻካራውን ትጥላለች፣ ውሃው ቢበዛ ትቆጣለች። የሰፈሩ ሴቶች ወለሉን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አይታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሐኪሙ ያለው ሙቀት ነው። እኔ ግን ያዳናት ያ ሳፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ዛሬም።

ምስጡን ያየሁት ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። መጀመሪያ የአራተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት በላ። ወለሉ ላይ ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ የከመርኩትን ከላይ እያነሣሁ ሳርመው ደህና ነበር፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ወረቀቱ ወንፊት ሆነ፣ ታች ስደርስ ቀይ አፈር ብቻ። ያልተበላውን አረምኩ፤ ለተበላው ተማሪዎቹን ጠርቼ በቃል ጠየቅኋቸው። አንዱ «ቲቸር፣ የእኔን ምስጥ በላው በይልኝ፣ አልሠራሁም ነበር» ብሎ አሳቀኝ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ወጣ። ስቧጭረው ነጫጭ ነገሮች ይራወጣሉ፤ በማግስቱ መስመሩ ተመልሶ ተሠርቷል። ላምባ ረጨሁ። አመድ ነሰነስኩ። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ አፈሰስኩ። በርበሬ አጭሼ ራሴን አስነጠስኩ። ከገበያ የገዛሁት ዱቄት መድኃኒት ለሦስት ሳምንት ዝም አሰኛቸውና ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ብቅ አሉ። ከባድ ዝናብ ሲጥል አሸኑ፣ ክንፍ ያወጣው ምስጥ፣ ከመሬት ፈልቶ ቤቱን ሞላው፤ ክንፉን እያራገፈ ወጣችን ውስጥ ወደቀ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ግድግዳ ማየት ልማዴ ሆነ። ሰው ቤቱ ሲገባ ያርፋል፤ የእኔ ሥራ እዚያ ይጀምር ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ጠራችኝ። እናቴ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ቲቸር፣ ልነግርሽ ስፈራ ነው የቆየሁት» አለች። «እማማ ናቸው እየቀለቧቸው ያሉት። እበት ምግባቸው ነው። እዚህ አገር ወለል በአመድና በአፈር ነው የሚመታ። በየሳምንቱ ገበታ እየቀረበላቸው የት ይሄዳሉ?»

እውነት መሰለኝ። እናቴ ከመምጣቷ በፊት ቤቴ ውስጥ ምስጥ አይቼ አላውቅም፤ ወለሉ መለቅለቅ ከጀመረ በኋላ መጣ። ለተማሪዎቼ ሁለት ነገር ተከታትሎ ስለመጣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አትበሉ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

እንዴት ልንገራት? ሳፋውን ብነጥቃት ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እንግዳ ትሆናለች። እንግዳ ከሆነች ደግሞ ውሰጂኝ ማለቷ አይቀርም፣ ዳባት ከሄደች ጉልበቷ ያበቃለታል። ስለዚህ አልነገርኳትም። በዘዴ ላስተዋት ሞከርኩ። የላም በሽታ ገብቷል፣ እበት መንካት ጥሩ አይደለም አልኳት፤ ወጥታ እረኞቹን ጠይቃ «ደህና ናቸው» ብላ መጣች። የወለል ላስቲክ ገዝቼ አነጠፍኩ። «ከሥሩ ጊንጥ ይተኛበታል» አለች። በአራተኛው ቀን ላስቲኩን ስታነሣው ጊንጡ ጅራቱን ቀስሮ ተኝቶ ነበር። በነጠላ ጫማ ገደለችውና ላስቲኩን ጠቅልላ ደጅ አወጣችው። ምን ልበላት?

እሷ ትለቀልቃለች፣ እኔ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መድኃኒት እነሰንሳለሁ። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖርን። የአልጋዋን አራት እግር በሳልሳ ጣሳ ውስጥ አቁሜ ጣሳዎቹን በተቃጠለ ዘይት ሞላኋቸው፤ በቆላ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ዘይቱን ተሻግሮ የሚወጣ ተባይ የለም። ለእናቴም ለጊንጡ ነው አልኳት። ምስጥ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፤ የደጋ ሰው ስለሆነች እሷም ያን ሁሉ የቆላ ተባይ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

አልጋው የወደቀው በሚያዝያ እሑድ፣ ቀትር ላይ ነው። ሙቀቱ ውሻ እንኳ የማይጮኽበት ሰዓት። እኔ በሩ አጠገብ ደብተር አርማለሁ፣ እናቴ ጋደም ብላለች። ቋ አለ። ስዞር እናቴ ፍራሹን ይዛ ወለሉ ላይ ነበረች፣ አንዱ የአልጋ እግር ተሰብሮ። ዘልዬ አነሣኋት። ዳሌዋ ትንሽ ከመመታቱ በቀር ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ሳቀች። «እንኳን ለሠርግ አልሆነ» አለች።

እኔ አልሳቅሁም። የተሰበረውን እግር አነሣሁት፤ ቀለለኝ። ውስጡ እንጨት የለም፤ ላዩ ብቻ ቀርቶ አፈር ሞልቶታል። ጣሳዎቹን በዓይኔ ፈለግሁ። የሉም።

«ጣሳዎቹስ?»

«አወጣኋቸው እኮ። ዘይቱ ወለሌን አበላሸው።»

ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት ድካም ሁሉ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ያ የላምባ ሽታ፣ ያ ፍተሻ፣ ያ ድብብቆሽ። «ወለልሽ!» አልኳት። «ወለልሽ ነው ቤቴን ያስበላው! በየቅዳሜው ምስጥ ስትቀልቢ ነው የኖርሽው! እበት ነው የሚበሉት፣ አንቺ ነሽ የምታቀርቢላቸው! እኔ ከኋላሽ ከኋላሽ መድኃኒት ስነሰንስ ዓመት ሞላኝ፣ ደከመኝ፣ በቃኝ!»

እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ጩኸቱ ካለቀ በኋላም ቆሜ እተነፍስ ነበር፣ ያን የአልጋ እግር እንደያዝኩ። እሷ እጆቿን ገልብጣ መዳፎቿን አየቻቸው።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለች። «ብትነግሪኝ እተወው ነበር።»

እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው ማለት ሲገባኝ የአልጋውን እግር ደጅ ወስጄ ወረወርኩት። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይቅርታ ለመጠየቅም ደክሞኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳፋውን አጥባ አጥሩ ላይ ደፋችው። እጇን በነጠላዋ ሸፍና በሩ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ። ላሞቹ ሲያልፉ ቀና ብላ አላየችም። በሦስተኛው ቅዳሜ «ዳባት ውሰጂኝ» አለችኝ። ጉልበትሽ አልኩ፣ ብርዱ አልኩ፣ ሐኪሙ አልኩ። «ብርዱን አውቀዋለሁ» አለች። ደጋግሜ መለመን ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን ለምኜ ተውኩት። ከውስጤ የሆነ ቦታ፣ እስቲ ወለሉ ይድረቅ፣ እስቲ ልረፍ የሚል ነገር ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሊማሊሞን ስንወጣ በየመታጠፊያው ልብስ ደረብኩላት። ደባርቅ መናኸሪያ ስንወርድ ነፋሱ ጋቢዋን ገለጠው፤ ጉልበቷን በእጇ ያዘች፣ አላየችኝም ብላ። ዳባት የእሷ ቤት ተዘግቶ ከርሞ ስለነበር ወንድሜ ቤት አስገባኋት። አዲስ ቤት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ስሰናበታት «ምስጡ ሲተው ንገሪኝ» አለችኝ።

ዛሪማ ተመልሼ የለቀለቀችውን ወለል በአካፋ ፋቅሁት። የመዳፏን መስመር ከጓዳ እስከ በር ፍቄ ደጅ ጣልኩት። በጎረቤቴ ምክር አፈርና አመድ መታሁበት። በወሩ ተሰነጣጠቀ፣ አቧራው ተነሣ፣ በስንጥቁ ውስጥ ጊንጥ ቤት ሠራ። ይሁን አልኩ፤ ዋናው ምስጡ ነው። ምስጡን ለጥቂት ጊዜ አላየሁትም። እሑድ እሑድ ስደውል እናቴ ሰላምታውን ሳትጨርስ «ምስጡስ ተወ?» ትለኛለች። «እየቀነሰ ነው» እላታለሁ። «ተመስገን» ትላለች። ስለ ጉልበቷ ስጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ ወንድሜ ግን ግድግዳ ይዛ እንደምትነሣ፣ ከኅዳር ወዲህ ደግሞ እሱንም ትታ አልጋ ላይ እንደዋለች ነገረኝ።

በሰኔ በሩ አልዘጋ አለኝ። መቃኑ ዘምሞ ከታች ወለሉን ይፍቃል። ቀና ስል ጣራው ከመካከል ጎብጧል። የሰፈሩን አናጢ ጠራኋቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆላ እንጨት የሠሩ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ። ነጩን ምሰሶዬን በመዶሻ ኳ ኳ አደረጉት። ከላይ እንጨት እንጨት ይል ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ። ጎንበስ ብለው እግሩን ቆፈሩ፤ መሬት ውስጥ ያለውን በጣታቸው ሲነኩት ገባላቸው። እንጨቱ ውስጥ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ፣ በቀይ አፈር የተሞላ። ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«አልተለበለበም» አሉ አናጢው።

«አልተለበለበም» አልኩ።

«ከተተከለ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት።»

«እንግዲህ ስድስት ዓመት ሲበሉት ነው የኖሩት። ለስላሳ የደጋ እንጨት፣ ያውም ሳይለበለብ። ቤታቸው እዚሁ ነው፤ ወደ ግድግዳውም ወደ ዕቃሽም የወጡት ከዚህ ነው።»

«ወለሉ ነው ተብሎ ነበር» አልኩ። «በእበት ይለቀለቅ ነበር።»

አናጢው አፈሩን ከጣታቸው እያራገፉ ቀና ብለው አዩኝ። «እበት ቢያገኙ ይቀምሳሉ፤ ምን አለበት። እኔ ቤትም ይለቀለቃል። ቤት የሚጥለው እበት አይደለም፣ ይሄ ነው። ወለሉ ያለ ኃጢአቱ ነው።»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ» አለች። «እማማን ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ያ አላህ።» አይደለሽም አልኳት። እሷ አንድ ጊዜ ብትሳሳት አንድ ጊዜ ደግሞ ልክ ነበረች፤ ለብልቢው ያለችኝ ዕለት። ያልሰማሁት ልክ የነበረውን ነው። ሁለቱም ሲሄዱ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቤቱ አይደለም። ያን ቀን መዳፎቿን ገልብጣ ስታያቸው ነው የታየኝ።

እሑድን አልጠበቅሁም። በዚያው ቀን ከሰዓት ደወልኩ። ወንድሜ አነሣና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«ምነው በሥራ ቀን? ደህና ነሽ?» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ «ምስጡስ ተወ?»

«አልተወም እማዬ።»

«አልተወም?»

«አንቺ አልነበርሽም» አልኳት። «እበቱ አልነበረም። ምሰሶው ነው። ለብልቢው ተብዬ ሳልለበልብ ተክዬው፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ጀምሮ ሲበሉት ነበር። እኔ ነኝ። በሐሰት ነው የጮህኩብሽ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ ሄሎ፣ ሄሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። አተነፋፈሷ ይሰማኛል። «ታዲያ አሁን ወለሉን ማን ነው የሚለቀልቀው?»

«ማንም።»

«ይሄን ሁሉ ወር?»

«ይሄን ሁሉ ወር።»

ወንድሜን የሆነ ነገር ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋ ተመለሰ፣ ያ ቅዳሜ «እግርሽን!» ያለኝ ድምፅ።

«በይ ምሰሶውን አስቀይሪ፤ በደንብ ይለብልቡት፣ ቆመሽ እዪ። ቅዳሜ እበቱን በጠዋት ሰብስቢ፣ ፀሐይ ሳያደርቀው። የላም ይሁን፣ የበሬ እንዳትቀላቅይ። አርብ ወንድምሽ ያወርደኛል።» ከዚያ አከለች፤ «የእኔ ጉልበት እንደሆነ ከእንግዲህ አይታጠፍም። አንቺ ተንበርክከሽ ትለቀልቂያለሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አሳይሻለሁ።»